በሰው ወንበር የተቀመጠ ዘፋኝ

አንድ ባንድ ዘፋኙን ሲያጣ ምን ይቀረዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁንና የአንጋፋውን የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ባንድ የብላክ ሳባዝን አድናቂዎች ጎራ ለይተው ከአርባ ዓመት በላይ እንዲሟገቱ ያደረጋቸው ይኸው ጥያቄ ነው። አንደኛው ወገን «ያለ ኦዚ ኦዝቦርን ብላክ ሳባዝ የለም» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ባንዱ ድምፃዊ ያገኘው ሮኒ ጄምስ ዲዮ ሲመጣ ነው» ብሎ ይመልሳል። በቁጥር አነስ የሚለው ሦስተኛው ወገን ደግሞ «ቶኒ ማርቲንስ ምን በደለ?» እያለ ይጠይቃል። ኢያን ጊላንና ግሌን ሂዩዝም ቢሆኑ ጠበቃ አላጡም።

እኔ ይህን ሙግት የምከታተለው ለሙዚቃው ካለኝ ፍቅር ባላነሰ ጉጉት ነው። ከላይ ሲታይ ስለ ጉሮሮ የሚደረግ ክርክር ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲያዩት ግን የጋራ ሥራ የማን እንደሆነና በሌላው ቦታ የገባ ሰው በምን ሚዛን መመዘን እንዳለበት የሚነሳ ክርክር ነው። የተለመደው ሚዛን «የቀድሞውን ዘፈኖች እንዴት ዘፈናቸው?» የሚለው ነው። በእኔ እምነት ይህ ሚዛን የተዛባ ነው። መጠየቅ ያለበት «እሱ በመምጣቱ ባንዱ ምን አዲስ ነገር ሠራ?» የሚለው ነው። በዚህ በሁለተኛው ሚዛን ስንመዝን ፍርዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ከዚህ በታች ለማሳየት እሞክራለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእኛ አገር አድማጭ በዚህ ሙግት ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በእኛ ዘንድ ካሴቱ ላይ ስሙ ጎልቶ የሚጻፈው ዘፋኙ ነው። ማሕሙድ አሕመድን አጅቦ «ኧረ መላ መላ»ን የተጫወተው አይቤክስ ባንድ ቢሆንም ሥራው የሚጠራው በማሕሙድ ስም ነው። ሮሃ ባንድ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ድምፃዊ ቢያጅብ «ባንዱ ዘፋኝ ቀየረ» ብሎ የሚቆጣ አይገኝም። በሮክ ሙዚቃ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስሙ የባንዱ ነው፤ ዘፋኙም ከአባላቱ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የሚያየው የዘፋኙን ፊት፣ የሚሰማው የዘፋኙን ቃል ስለሆነ በልቡ ስሙን ለእሱ ሰጥቶታል። እንግዲህ ዘፋኙ ሲሄድ ስሙ ከጊታሪስቱ ጋር ይቀራል፤ የአድማጩ ልብ ደግሞ ከዘፋኙ ጋር ይሄዳል። ጠቡ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ብላክ ሳባዝ በ1968 በበርሚንግሃም ከተማ ሲመሠረት አራቱም አባላት የሠራተኛ ሰፈር ልጆች ነበሩ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆርጦበታል። ግራኝ በመሆኑ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው በተጎዳው እጅ ነበር። ተስፋ ሳይቆርጥ ከፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ለስለስ ያሉ ክሮችንም መረጠ። በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ደግሞ ጊታሩን ከተለመደው ዝቅ አድርጎ ቃኘው። ሄቪ ሜታል የሚባለው ያ የሚያስገመግም ድምፅ ብዙውን ነገሩን ያገኘው ከእነዚህ ጣቶች ነው። ግጥሙን በአብዛኛው የሚጽፈው የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር ነበር፤ ድራሙን የሚመታው ቢል ዋርድ ነበር። ኦዚ የሚያሰማን የአዮሚን ጊታር የተከተለ ዜማና የበትለርን ቃል ነበር ማለት ነው። «ብላክ ሳባዝ ማለት ኦዚ ነው» የሚሉ ወገኖች ይህን ነጥብ ብዙ ጊዜ ያልፉታል።

ይህን ስል የኦዚን ድርሻ ማሳነሴ አይደለም። የኦዚ ድምፅ ሰፊ አይደለም፤ ያጌጠም አይደለም። «አይረን ማን» የተባለውን የ1970 ዘፈን ያዳመጠ ሰው እንደሚያስታውሰው ድምፁ ጊታሩን እግር በእግር ይከተላል፤ ጊታሩ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድም ይወርዳል። ነገሩን በወረቀት ላይ ላነበበው ድክመት ይመስላል። ለሚያዳምጠው ግን ከከባድ ማሽን ሥር ሆኖ የሚጣራ ተራ ሰው ድምፅ ነው። የበትለር ግጥሞች ስለ ጦርነት፣ ስለ ፍርሃትና ስለ አእምሮ መታወክ የሚናገሩ በመሆናቸው የሠለጠነ ድምፅ ቢዘፍናቸው ኖሮ እንዲህ ባልታመኑ ነበር። የኦዚ ደጋፊዎች በዚህ ረገድ ልክ ናቸው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ መጠጡና ዕፁ ባንዱን አሽመደመደው። ኦዚ በ1977 አንድ ጊዜ ወጥቶ ዴቭ ዎከር የተባለ ዘፋኝ ለጥቂት ጊዜ ተተክቶ ነበር። ኦዚ ቢመለስም ነገሩ አልተቃናም። በ1979 ተሰናበተ፤ መርዶውን እንዲነግረው የተላከውም የቅርብ ወዳጁ ቢል ዋርድ ነበር። በምትኩ የመጣው ከሪቺ ብላክሞር ጋር በሬይንቦው ባንድ ስሙን ያስጠራው አሜሪካዊው ዲዮ ነው።

በሚያዝያ 1980 የወጣው «ሄቨን ኤንድ ሄል» ዛሬም ተሰምቶ የማይጠገብ አልበም ነው። ምክንያቱ የዲዮ ጉሮሮ ጥንካሬ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የአልበሙን መጠሪያ የያዘውን፣ ሰባት ደቂቃ የሚጠጋውን ዘፈን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ጊታሩ ወደ ኋላ ይላል፤ ቤዝ ጊታሩና ድራሙ ብቻ መሬቱን ይዘው ይቆያሉ። ድምፁ ጊታሩን መከተሉን ትቶ በላዩ ላይ የራሱን ዜማ ይዘረጋል። አዮሚ ለኦዚ እንዲህ አድርጎ አልጻፈም ነበር። «ችልድረን ኦቭ ዘ ሲ» ለስለስ ብሎ ጀምሮ ሲከብድም ይኸው ስልት ይደመጣል። ግጥሙም ባለቤቱን ቀይሯል፤ ዲዮ የሚዘፍነውን ራሱ የሚጽፍ ሰው ነውና። የበትለር ወታደሮችና ዕብዶች ሄደው የዲዮ ነገሥታት፣ ቀስተ ደመናና ሕልም መጡ። ስለዚህ የተቀየረው ዘፋኝ ብቻ አይደለም፤ ገጣሚውም ዜማ አጣጣሉም ተቀይሯል። በሌላ አነጋገር ባንዱ ሁለተኛ ጊዜ ተመሥርቷል።

ታዲያ ዲዮ የኦዚን ዘፈኖች ሲዘፍንስ? በ1982 መጨረሻ ገደማ የወጣው የመድረክ ቅጂ «ላይቭ ኢቭል» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። «ዎር ፒግስ»ንና «አይረን ማን»ን ዲዮ ሲጫወታቸው ድምፁ ከኦዚ ድምፅ በሁሉም መለኪያ ይበልጣል፤ ዘፈኖቹ ግን ይቀንሳሉ። ቃሉን ያሽሞነሙነዋል፣ ያስረዝመዋል፣ እንደ መድረክ ተዋናይ ያቀርበዋል። የፈራው ሰው ጠፍቶ ስለ ፍርሃት የሚተርክ ሰው ይቀራል። በተለመደው ሚዛን ከመዘንነው ዲዮ ወድቋል። በሁለተኛው ሚዛን ስንመዝነው ደግሞ ጥቂት ዘፋኞች የሚደርሱበት ደረጃ ላይ ነው። ሁለቱ ጎራዎች አርባ ዓመት ሙሉ ያልተግባቡት ዲዮን በተለያየ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ስለሚናገሩ ይመስለኛል።

የዲዮ ጊዜ በጠብ አበቃ። በ«ላይቭ ኢቭል» የድምፅ ቅንብር ሰበብ ተቃቅረው ተለያዩና በ1983 የዲፕ ፐርፕሉ ኢያን ጊላን መጣ። ጊላን ራሱ በዲፕ ፐርፕል ተተኪ ሆኖ የገባ፣ በኋላም ቦታውን ለተተኪ የለቀቀ ሰው ነው። በዚያ ዓመት የወጣው «ቦርን አጌን» ድምፁ የታፈነ፣ ጭቃ የተለቀለቀ የሚመስል አልበም ነው። «ዲስተርቢንግ ዘ ፕሪስት» ላይ የጊላን ጩኸት ከአዮሚ ጊታር ጋር ሲገጥም ግን የሚያስፈራ ነገር ተፈጥሯል። ችግሩ ጊላን ቀልደኛ ጸሐፊ መሆኑ ነው፤ የመክፈቻው ዘፈን ሰክሮ መኪና ስለ መገልበጡ ነው። በመድረክ ላይ ደግሞ ባንዱ የዲፕ ፐርፕልን «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» እስከ መጫወት ደረሰ። ያን ቀን የተቆጡትን አድናቂዎች እረዳቸዋለሁ። እንግዳው ለቤቱ የሚሆን ነገር ከመሥራት ይልቅ የራሱን ዕቃ ይዞ ገባ፤ ባለቤቶቹም ፈቀዱለት። ጊላን በ1984 ወደ ዲፕ ፐርፕል ተመለሰ። በእኔ ሚዛን ጊላን የወደቀው በድምፁ አይደለም፤ አብሮ ለመሥራት የሚበቃ ጊዜ ሳይሰጥ ሄዷል።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ስም ምን ያህል ሸክም እንደሚሆን ያሳየናል። በ1986 የወጣው «ሰቨንዝ ስታር» አዮሚ ለብቻው በስሙ ሊያወጣው ያሰበው ሥራ ነበር። ከአሳታሚው በመጣ ግፊት የብላክ ሳባዝ ስም ተለጠፈበት። ዘፋኙ ግሌን ሂዩዝ ነፍስ ያለው፣ ወደ ጥቁር አሜሪካውያን ሶል ሙዚቃ የሚያደላ ድምፅ አለው። አልበሙ በአዮሚ ስም ብቻ ቢወጣ ኖሮ «ጥሩ የሮክ አልበም» ተብሎ በተመሰገነ ነበር። በሽፋኑ ላይ ባለው ስም የተነሳ ግን «ይህ ብላክ ሳባዝ አይደለም» ተብሎ ተነቀፈ። ነቀፋው እውነትነት አለው፤ የደረሰው ግን ለማይመለከተው ሰው ነው። ስሙን የለጠፈው ሂዩዝ አልነበረም። ሂዩዝ ከጥቂት ኮንሰርቶች በኋላ ተሰናብቶ ሬይ ጊለን ተተካ። ጊለንም ቀጣዩን አልበም ቀድቶ ሳይወጣ ሄደ።

የተቀዳውን ድምፅ አንሥቶ በራሱ ድምፅ እንዲተካ የተጠራው የበርሚንግሃሙ ተወላጅ ቶኒ ማርቲን ነው። አጀማመሩን ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያ ሥራው ሌላ ሰው የዘፈነውን ደግሞ መዝፈን ነበር። በ1987 የወጣው «ዘ ኢተርናል አይዶል» እንዲህ ተሠራ። ማርቲን በጠቅላላው አምስት አልበሞችን ዘፍኗል፤ ከእሱ የበለጠ የዘፈነ ኦዚ ብቻ ነው። ሆኖም አድናቂዎች ስሙን የሚያነሡት ብዙ ጊዜ ለፌዝ ነው፤ «የጊዜ ማሳለፊያ»፣ «የዲዮ ግልባጭ» ይሉታል።

ግልባጭ መባሉ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ማርቲን ድምፁን የሚወረውርበት መንገድ የዲዮን ያስታውሳል፤ ግጥሞቹም በሰይጣን፣ በሞትና በጨለማ ቃላት ከልክ በላይ የተሞሉ ናቸው። ዲዮ አንድ ምስል ጥሎ ያልፋል፤ ማርቲን ሦስቱን ይደረድራል። ነገር ግን የ1989ኙን «ሄድለስ ክሮስ» ያለ አድልዎ ላዳመጠ ሰው ይህ አልበም የማንም ግልባጭ አይደለም። ኮዚ ፓወል ድራሙን እንደ ደብር ደወል ያስተጋባዋል፤ የኪቦርዱ ድምፅ ከጊታሩ ጋር ተዋሕዶ ዙሪያውን ይከብበዋል። የመጠሪያው ዘፈን ርዕስ ከበርሚንግሃም ብዙም በማይርቅ ሥፍራ ስም የተወሰደ ነው፤ ታሪኩም ስለ ወረርሽኝ ነው። በዚህ ዘፈን ማርቲን ድምፁን ቀስ በቀስ እየገነባ ወስዶ ጫፍ ላይ ያቆመዋል። አዮሚ እንዲህ ያለ ግርማ ያለው፣ እንደ ሥርዓት ጸሎት የሚራመድ ሙዚቃ ለኦዚም ለዲዮም አልጻፈም። በ1990 የወጣው «ቲር» ደግሞ የሰሜን አውሮፓን ጥንታዊ አማልክት ታሪክ ይዞ በዚያው መንገድ ቀጠለ። በሁለተኛው ሚዛን ማርቲን አልፏል፤ በብልጫ አይደለም፣ ግን አልፏል።

ለዚህ ያገኘው ዋጋ ምን ነበር? ዲዮ ሲፈለግ ማርቲን ተሸኘ። ዲዮ በ1992 «ዲሂዩማናይዘር» የተባለውን ጠንካራ አልበም ሠርቶ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር በካሊፎርኒያ ኮስታ ሜሳ ከኦዚ ፊት እንደ መክፈቻ አልጫወትም ብሎ ወጣ፤ ሁለቱን ምሽቶች የጁዳስ ፕሪስቱ ሮብ ሃልፎርድ ሸፈነ። ያኔ ማርቲን እንደገና ተጠራ። ሁለት አልበም ሠራ፤ የመጨረሻው የ1995ቱ «ፎርቢድን» ነው። ፕሮዲውሰሩ የቦዲ ካውንቱ ኧርኒ ሲ ሲሆን ራፐሩ አይስ ቲም በአንድ ዘፈን ገብቶበታል። አልበሙ የት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው፤ ይህን ለመካድ አልሞክርም። በ1997 ኦዚ ሲመለስ ማርቲን ለሁለተኛ ጊዜ ተሸኘ። የማርቲን አልበሞች አብዛኞቹ ለረጅም ዓመታት ከገበያ ጠፍተው ቆዩ። እዚህ ላይ ነው የአድናቂዎች ሙግት ከጨዋታ የሚያልፈው። «አይቆጠርም» የተባለ ሥራ ደግሞ አይታተምም፤ ያልታተመ አይሰማም፤ ያልተሰማውን ደግሞ አዲሱ ትውልድ ሳያውቀው «አይቆጠርም» ይላል።

ይህ በብላክ ሳባዝ ብቻ የደረሰ አይደለም። የኤሲ/ዲሲው ቦን ስኮት በየካቲት 1980 ሞቶ በዚያው ዓመት ሐምሌ ከብራያን ጆንሰን ጋር «ባክ ኢን ብላክ» ሲወጣ አድማጩ ተተኪውን በእቅፉ ተቀበለው። ሞት ሲለያይ የሚወቀስ አይኖርም፤ ስንብት ሲለያይ ግን ወቀሳው በአዲሱ ሰው ላይ ያርፋል። አይረን ሜይደንን ደግሞ እንይ። ብሩስ ዲኪንሰን በ1993 ሲወጣ የተተካው ብሌዝ ቤይሊ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነበረው። በመድረክ ላይ የዲኪንሰንን ከፍታ እንዲወጣ ይጠበቅበት ነበር፤ ሲያቅተውም ሕዝቡ ፈረደበት። ዲኪንሰን በ1999 ከተመለሰ በኋላ ባንዱ በ2001 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ባቀረበው ኮንሰርት «ሳይን ኦፍ ዘ ክሮስ»ንና «ዘ ክላንስማን»ን ተጫወተ። ሁለቱም ከቤይሊ ጋር የተሠሩ ናቸው፤ ሕዝቡም አብሮ ሲዘፍናቸው በቅጂው ላይ ይሰማል። ዘፋኙ ተጠልቶ ዘፈኑ ተወደደ ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ወደ ብላክ ሳባዝ ልመለስ። በ2006 ባንዱ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገባ የተጠሩት የመጀመሪያዎቹ አራት አባላት ብቻ ናቸው፤ ዲዮ አልነበረበትም። በዚያው ዓመት ግን አዮሚና በትለር ከዲዮ ጋር እንደገና ተሰበሰቡ፤ ስማቸውንም «ሄቨን ኤንድ ሄል» አሉ። ይህ ስም ሙግቱን በብልሃት የፈታ ነው። ስሙ ለኦዚ ዘመን ተተወ፤ ለዲዮ ዘመን ደግሞ ዲዮ ራሱ ያቆመው አልበም ስም ሆነለት። ሙግቱ ፍርድ ቤት መድረሱ ግን አልቀረም፤ ኦዚ በ2009 በብላክ ሳባዝ ስም ባለቤትነት ጉዳይ አዮሚን ከሰሰው፤ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት አለቀ። በግንቦት 2010 ዲዮ በካንሰር ሞተ። በ2013 ከኦዚ ጋር የወጣው «13» በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ሆነ። የሚገርመው በዚያ አልበም ላይ ቢል ዋርድ የለበትም። «ያለ መጀመሪያዎቹ አባላት ብላክ ሳባዝ የለም» ሲሉ ከኖሩት መካከል በድራም መቺው ጊዜ ዝም ያሉ ብዙ ናቸው። ለዘፋኝ የሚጠየቀው ታማኝነት ለድራም መቺ አይጠየቅም ማለት ነው።

በሐምሌ 5 ቀን 2025 አራቱ አዛውንት ባደጉበት ሰፈር በቪላ ፓርክ ስታዲየም ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተጫወቱ። ኦዚ በሕመም ምክንያት ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ በዚያው ወር 22 ቀን ዐረፈ። ድምፁ ደክሟል። ነገር ግን «ዎር ፒግስ»ን ሲጀምር ያ ከማሽን ሥር የሚጣራው ሰው አሁንም እዚያው ነበር። እነዚያ ዘፈኖች የእሱ ናቸው፤ ሌላ ማንም እንዲህ አይዘፍናቸውም። የኦዚ ወገኖች ይህን ድል ሊነፈጉ አይገባም።

ድሉ ግን የሌሎቹን ሥራ አይሰርዝም። ማርቲን ከዘፈናቸው አምስት አልበሞች አራቱ በ2024 በአንድ ሣጥን ተጠቃለው ዳግም ታትመዋል፤ አዮሚም የተናቀውን «ፎርቢድን» በአዲስ ቅንብር አቅርቦታል። የባንዱ ባለቤት ራሱ «ይህም የእኛ ነው» ብሏል ማለት ነው። ከእንግዲህ በዚያ መድረክ ላይ ማን ይቁም የሚለው ክርክር ፋይዳ የለውም፤ ሁለቱ ትልልቅ ድምፆች የሉም። የቀረው ማዳመጥ ብቻ ነው። «ማርቲን አይቆጠርም» የሚል አድናቂ ካጋጠመኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «ሄድለስ ክሮስ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምተኸዋል? እስካሁን ከጠየቅኋቸው አብዛኞቹ አልሰሙትም።